የመካከለኛው ወታደር

ውድነህ ሃይፋ የገባ ጊዜ ጠጉሩ ትከሻው ላይ ወርዶ ነበር። የሰፈራችን የኔቬ ዮሴፍ ባለ ሱቅ፣ ከሞሮኮ የመጣ ሳቂታ ሰው፣ «ጊታርህን የት ጥለኸው መጣህ?» እያለ ይቀልድበታል። ውድነህ ቋንቋው ገና ስላልገባው «ቤሰደር»፣ ማለት እሺ፣ ይልና ዳቦውን ይዞ ይወጣል። አብረነው የመጣነው ቤተ እስራኤሎች ግን አንስቅም። በእኛ አገር ወንድሙ የተገደለበት ሰው ደሙን እስኪመልስ ድረስ ጠጉሩን እንደማይቆረጥ እናውቃለንና።

የተወለደው ወገራ ነው፤ የአንጥረኛ ልጅ። አባቱ ማረሻና ማጭድ ከመቀጥቀጡ ሌላ ለባላባቱ የሰንጠረዥ፣ ማለት የቼዝ፣ መጫወቻ ከበሬ ቀንድ ይጠርብ ስለነበር ውድነህ ጨዋታውን የተማረው እዚያው ከመዶሻው ሥር ነው። ተጋጣሚው ደረሰ የሚባል የጎረቤታቸው ልጅ ነበር። ያ የድሮው ሰንጠረዥ ዛሬ ልጆቻችን እንደሚጫወቱት ገና ከመነሻው በየተራ አልነበረም። መጀመሪያ ወረራ አለው። ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል እጃቸውን ይሰዳሉ፤ ማንም ማንንም አይጠብቅም፤ ገበታው ይንቀጠቀጣል። «ፈረስህ አነከሰ!» «ንጉሥህን ደብቀው፣ ሊሸና ነው!» ይባባላሉ። ይህ ሁሉ አንዱ የሌላውን መጫወቻ እስኪበላ ድረስ ነው። የመጀመሪያው ከተበላ ጫጫታው ቀጥ ይላል። የበላው እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል፤ ተራው የተበላበት ሰው ነው፤ እርሱ ሳይጫወት ማንም ገበታውን አይነካም። ይህን ያፈረሰ ሰው ዳግመኛ ከወንዶች ጋር ለሰንጠረዥ አይቀመጥም ነበር። ውድነህና ደረሰ በዚህ ሕግ አደጉ።

ወደ ሱዳን ስንወርድ መንገድ መሪያችን ይኸው ደረሰ ነበር፤ በጥጥ ንግድ መተማን ያውቃት ነበርና። ድንበሩ ሊቃረብ ሲል፣ ማለዳ ላይ፣ ሽፍቶች የሸለቆውን አፍ ይዘው እንደሚጠብቁ ተረዳ። የውድነህ ታናሽ ወንድም ማለደ፣ ለመዳር የታጨ ጎልማሳ፣ አንገቷ ላይ ቃጭል የታሰረላት በቅሎ ነበረችው። ደረሰ ጠርቶት «አንተ በጉብታው ላይ ሂድ፤ ታች እንገናኛለን» አለው። ማለደ ሄደ። ቃጭሉ ከላይ እየጮኸ ሲርቅ ሽፍቶቹ ተከተሉት፤ እኛም በሸለቆው ውስጥ የሕፃናቱን አፍ በእጃችን አፍነን አለፍን። ተኩስ ተሰማ። ከዚያ ጩኸት ተሰማ፣ ረዥም ጩኸት፤ ከዚያም ምንም አልተሰማም።

ውድነህ እርጉዝ ሚስቱን አስቻለችን ደግፎ ከኋላ ስለነበር ነገሩን ያወቀው ካለፍን በኋላ ነው። ተመልሶ ሮጠ። ወንድሙን በጥይት ጥለው፣ ነፍሱ ሳትወጣ በጎራዴ ቆራርጠውት አገኘው። በቅሎዋም ሆዷ ተቀዶ ወድቃ ነበር። ቃጭሉን ከአንገቷ ፈትቶ፣ ደሙ ሳይጠረግ ኪሱ ከተተና ደረሰን ፍለጋ መጣ። ደረሰ ግን ከፊተኞቹ ጋር ድንበሩን ተሻግሮ ነበር። ሱዳን ውስጥ በሺሕ ሰው መካከል ተጠፋፉ።

ሃይፋ ውስጥ የተገናኙት በምንኖርበት ፎቅ ደረጃ ላይ ነው። ውድነህ ያን ጊዜ ከወደቡ አጠገብ ባለ ወርክሾፕ የአሮጌ መርከብ ብረት ይቆርጣል። ከሥራ ሲመለስ ፎቁ ላይ አዲስ ገቢ ሰው ፍራሽ ተሸክሞ ይወጣል። ሊያግዘው የፍራሹን ጫፍ ያዘ። ሰውየው «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ዞረ፤ ራሱ ደረሰ ነበር።

ፍራሹ ተንከባለለ። ውድነህ ደረሰን በጠጉሩ ይዞ ፊቱን ከደረጃው ብረት ጋር ደጋግሞ አጋጨው። ጥርሶቹ ሲሚንቶው ላይ ተበተኑ። በአራት በአምስት ሰው ስናላቅቀው የአንዳችንን ክንድ እስከ አጥንቱ ነክሶ ነበር። የትግራዩ ሽማግሌ አባ ኪዳነ ባይደርሱ ኖሮ ነገሩ በዚያው ያበቃ ነበር። ከዘራቸውን በሁለቱ መካከል ጣሉና «ከዚህ ዱላ ያለፈ የእኔን ደም ያፍስ!» አሉ።

«አባ፣ እርስዎ ዘወር ይበሉ» አለ ውድነህ።

«አልልም። የስግድ በዓል ቀርቧል። በዓሉን በሰው ደም ልታረክስብን ነው? እስኪያልፍ ድረስ እንዳትነካው በማለደ ዐፅም ማልልኝ።»

ውድነህ ለረዥም ጊዜ አቃሰተ። «ማልሁ» አለ በመጨረሻ። «ስግድ ካለፈ በኋላ ግን አንድም ቀን አልጨምርለትም።»

እንዲህ ሆኖ አንድ መንደር ውስጥ ከረሙ። ደረሰ ሌላ ከተማ ሂድ ሲባል «ከማን ነው የምሸሸው?» ብሎ ቀረ።

በማትናሱ፣ ማለት በሰፈሩ መሰብሰቢያ ቤት፣ የሰንጠረዥ ክፍል ነበረ። ሞሬ ያንኩ፣ ማለት መምህር ያንኩ፣ የሚባሉ ከሩማንያ የመጡ ሽማግሌ መምህር ግድግዳው ላይ ትልቅ ገበታ ሰቅለው እንቆቅልሽ ይደረድሩበታል። በዚያ መኸር የደረደሩት እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ሦስት ነጭ ወታደሮች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንድ ባዶ ረድፍ አልፎ ሦስት ጥቁር ወታደሮች ይጠብቋቸዋል። ነገሥታቱ ሩቅ ናቸው፤ አይደርሱም። ነጭ ተጫውቶ ያሸንፋል። እንዴት?

ውድነህ ከሥራ እንደወጣ ዝገቱን ሳይታጠብ ይመጣና ቆሞ ያያል። ደረሰም በሌላው ጥግ ተቀምጦ ያያል። አይነጋገሩም።

«አያ ውድነህ፣ ወታደሮቹ ጡረታ ሊወጡ ነው እኮ!» አለው አንድ ቀን ሓጎስ የሚባል ቀልደኛ፣ ዝምታው ሲከብደው።

ሞሬ ያንኩ በበኩላቸው አንድ ጣታቸውን አንሥተው «አንዱን መስጠት ነው» ሲሉ እኔ ተረጎምሁለት።

ውድነህ ወደ መሬት ተፋ። «መስጠቱ መች ጠፋኝ?» አለ። «መካከለኛውን ብገፋው ይበሉታል። ከግራ ቢበሉት የቀኙን እገፋለሁ፤ እሱንም ይበሉታል። ያን ጊዜ የግራው ማንም ሳያግደው ያልፋል። አልፎስ ምን ሊሆን? ፈርዝ! ሁለት ሬሳ ለአንድ ፈርዝ! ይህን የሚጫወት ሰው ሳይሆን አራጅ ነው።»

ሁላችንም ልክ ነው አልን። በድሮው ሰንጠረዥ መጨረሻው ረድፍ የደረሰ ወታደር ፈርዝ ነው የሚሆነው፤ ፈርዝ ደግሞ በማዕዘን አንዲት ቤት ብቻ የሚራመድ ደካማ ነገር ነው። እኔም አስተርጓሚው በዚያው ሕግ ስላደግሁ መምህሩን መጠየቁ እንኳ ትዝ አላለኝም። ውድነህ ሳይሰዋ የሚያልፍበትን መንገድ ፍለጋ ወሩን ሙሉ ግድግዳው ላይ አፈጠጠ። አስቻለች «በእንቅልፍ ልቡ በቡጢ ግድግዳ ይመታል፤ ልጄን እንዳይመታብኝ ብዬ ይዣት ወለሉ ላይ መተኛት ጀመርሁ» ብላ አልቅሳ ነግራኛለች።

ስግድ አለፈ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሓጎስና እኔ ማትናሱ ውስጥ ስንጫወት ውድነህ ገባ። የወርክሾፑን አጭር መዶሻ ይዟል። አልደበቀውም። ደረሰ ከግድግዳው ገበታ ሥር፣ ያንኑ እንቆቅልሽ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ተቀምጦ ነበር።

«ስግድ አለፈ» አለ ውድነህ።

«ዐውቃለሁ። ለዚሁ ነው የጠበቅሁህ።»

«ልትለምነኝ?»

«አይደለም። ይህን ሳላሳይህ እንዳልሞት ነው።» ደረሰ ቀኝ እጁን ዘርግቶ መካከለኛውን ነጭ ወታደር ገፋ። «እዚህ አገር ያለፈው ወታደር ፈርዝ አይሆንም። ሞሬውን በራሴ አፍ ጠይቄያቸዋለሁ። ንግሥት ነው የሚሆነው። በፈለገው አቅጣጫ፣ እስከ ፈለገው ድረስ ይሄዳል። መልሱ አንተ ያልኸው ነው፤ አንተ ግን ጣልኸው።»

ውድነህ ገበታውን አየ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ ይቆጥር ነበር። ከዚያ በግራ እጁ ቃጭሉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። የደረቀው ደም ጠቁሮ ነበር።

«ማለደንም እንዲህ ቆጥረህ ነው የገፋኸው?»

«አዎን።»

«ለምን እሱን?»

«በቅሎዋ ከእሱ በቀር ለማንም አትሄድም። ብትሄድ ኖሮ አንተን እልክህ ነበር።»

«ሚስቴ እርጉዝ እያለች?»

«እርጉዝ እያለች። ዛሬም ቢሆን እልካለሁ። ያ ሁሉ ሕፃን ከኋላዬ ነበረ።» ደረሰ እጁን ከገበታው ላይ አላነሣም። «ጩኸቱ ግን ከጆሮዬ አልወጣም፣ ውድነህ። አንድም ቀን አልወጣም።»

መዶሻው በተዘረጋው እጅ ላይ ወረደ። እንጨቱም አጥንቱም ባንድ ድምፅ ተሰበሩ። ደም በጥቁሩም በነጩም ላይ ተረጨ። ደረሰ ተንበርክኮ የካፖርቱን ኮሌታ ነከሰ። ሓጎስ ዘሎ ከኋላ ቢያንቀው ውድነህ እንደ ጆንያ አሽቀንጥሮ ከግድግዳው ጋር አላተመው። መዶሻውን እንደገና አነሣ፤ አሁን ከደረሰ አናት በላይ ነው። ደረሰ ቀና ብሎ ጠበቀው።

መዶሻው እዚያው ቀረ። ውድነህ ገበታውን ያይ ነበር፤ ነጩ ወታደር በደሙ መካከል ተሰንጥቆ ተጋድሟል።

«ተበላ» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

ወንበር ስቦ ከደረሰ ፊት ለፊት ተቀመጠ። መዶሻውን እጀታው ወደ ደረሰ እንዲሆን አዙሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና እጆቹን አጣጠፈ።

«ተራው ያንተ ነው» አለው።

ደረሰ መዶሻውን አየ፤ ግራ እጁ ደህና ነበር። ሓጎስ ከመሬት ሆኖ «ወዮ!» ሲል ሰማሁ።

«አልጫወትም» አለ ደረሰ።

«ትጫወታለህ! ያንተ ነው አልሁህ!»

«የእኔ መሆኑን ዐውቃለሁ። አልጫወትም።»

ውድነህ መዶሻውን አልነካም። የተበላበት ሳይጫወት ሊነካው አይችልም ነበር። እስኪመሽ ቢቀመጥም ደረሰ ተራውን አልተጫወተም።

ደረሰ ሐኪም ቤት «ብረት ወደቀብኝ» ብሎ አስመዘገበ። ቀኝ እጁ እንደ ወፍ እግር ተቆልምሞ ቀረ። ውድነህ በዚያው ሳምንት ጠጉሩን ተላጨ፤ ባለ ሱቁም «የሙዚቃ ባንዱ ፈረሰ እንዴ?» ብሎ ሳቀበት። ዕርቅ ግን አልወረደም፤ ከአንድ ገበታ አልበሉም። ማትናሱ ውስጥ ሲገናኙ ውድነህ «ተራው ያንተ ነው» ይለዋል፤ ደረሰም «ዐውቃለሁ» ይላል። ይኸው ነው ንግግራቸው።

ቃጭሉን ውድነህ አልወሰደውም። ደረሰ ሲሄድ ሲመጣ ኪሱ ውስጥ ይይዘው ስለነበር ደረጃውን በወጣ ቁጥር ይጮኻል። ውድነህ ያን ድምፅ ሲሰማ ብረት ከመቆራረጥ የሻከረ እጁን በትንሿ ልጁ ጆሮ ላይ ያኖርና እስኪያልፍ ድረስ ይጠብቃል።