በግራ እጅ የተጻፈ ትዕዛዝ

ባለመጋዘኑ በብረት ዘንግ ሦስት ጣቶቿን ሰበረ። ከዚያ በፊት ባለው ቀን የወንድሟን ራስ ሰብሮ ነበር።

የመጋዘኑን ኮምፒውተሮች የምትጠብቀውን ሴት በመሥሪያ ቤቱ «ጥቁር መስኮት» ይሏታል፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል ስትለቅም ስለኖረች። የምትጠብቀው ኮንቴይነሮችን ነው፤ መርከብ ላይ የሚጫነውን ግን አይደለም። የእሷ ኮንቴይነር አንድ ፕሮግራም የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ ለብቻው የሚታሸግበት ሳጥን ነው፤ አንዱ ለዕቃ ዝርዝሩ፣ አንዱ ለሚዛኑ፣ አንዱ ለካሜራዎቹ። በአንድ መስመር ታስነሳዋለች፣ በአንድ መስመር ታቆመዋለች፤ አልሰማም ካለ ደግሞ «ግደል» የሚባል ትዕዛዝ አላት። ቃሉን ስትጽፈው ያስቃት ነበር።

ወንድሟን ጫኝና አውራጅ አድርጋ ያስቀጠረችው ራሷ ናት። ማክሰኞ ረፋድ አንድ ካርቶን ጠፋና አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፤ ባለመጋዘኑ በሩን ዘግቶ እስኪወድቅ ቀጠቀጠው፣ ከወደቀም በኋላ አልተወውም። ለፖሊስ «ከመሰላል ወደቀ» አለ። ያዩት ሠራተኞች አንገታቸውን ደፉ። ልጆች አሏቸው፣ ምን ያድርጉ!

የቀረው ምስክር ካሜራው ነበር። ባለመጋዘኑም ይህ አልጠፋውም፤ ረቡዕ ጠዋት ዘንጉን ይዞ ከወንበሯ ጀርባ ቆመ።

«አጥፊው።»

«ጋሼ፣ ወንድሜ እኮ ነው!»

«ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል። አጥፊው አልኩሽ!»

እምቢ አለች። ዘንጉ ቀኝ እጇ ላይ አረፈ፤ አጥንቷ ሲሰበር በጆሮዋ ሰማችው። ዳግመኛ ሲያነሳ በግራ እጇ የካሜራውን ኮንቴይነር አቆመችና ሰረዘችው። ስክሪኑ ላይ ካለው ዝርዝር ሲጠፋ በዓይኑ አየ። «እንዲህ ነው እንጂ» ብሎ በጥፊ ሸኛት።

ጅል! የተጣለው ሳጥኑ ነው። የተቀዳው ምስል የሚቀመጠው ከሳጥኑ ውጪ፣ እሷ «ጎተራ» በምትለው ቦታ ነው፤ ሳጥኑ ቢሰረዝም ጎተራው ይቀራል። ሆስፒታል እስክትደርስ ሳቋን ከደሟ ጋር እየዋጠች ሄደች። ጣቶቿን በፋሻ ሲጠቀልሉላት ግን አንድ ነገር ትዝ አላት። ሳጥን ያልያዘውን ጎተራ ሁሉ ጠርጎ የሚያጠፋ ትዕዛዝ፣ በየረቡዕ ልክ በስድስት ሰዓት እንዲነሳ አድርጋ ያስቀመጠችው ራሷ ናት። ዲስኩ እንዳይሞላ ብላ። ሰዓቱ አምስት ተኩል አልፏል።

ወንድሟ እዚያው ሆስፒታል ራሱን ስቶ ወደተኛበት ክፍል ሮጣ ገባች። ቃሉን ሊቀበል የመጣው መርማሪ ፖሊስ አልጋው አጠገብ ቆሞ ነበር። ላፕቶፗን ከቦርሳዋ አውጥታ ወንድሟ እግር ሥር አስቀመጠችና ከመጋዘኑ ማሽን ጋር በኢንተርኔት አገናኘችው።

«ምን እየሠራሽ ነው እህቴ?»

«አታናግረኝ! ሰዓቱን ብቻ ንገረኝ።»

ጎተራውን የሚይዝ አዲስ ኮንቴይነር ለማስነሳት በግራ እጇ አንድ ረጅም መስመር ጻፈች። ተነሳ፤ ግን ባዶ ነው። ከስሙ አንዲት ፊደል ገድፋ ነበር፤ በተሳሳተ ስም ከተጠራ ማሽኑ አይቆጣም፣ አዲስ ባዶ ጎተራ ሠርቶ ይሰጣል። አልቅሳ ሰደበችው።

«ሦስት ደቂቃ ቀርቷል» አለ መርማሪው፤ ለምን እንደሆነ ሳይገባው እሱም ላብ አጥምቆታል።

እንደገና፣ ፊደል በፊደል። ተነሳ። ምስሉ መጣ።

ዘንጉ ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ ሲወርድ አዩ። ከዚያ ወንድሟ በደሙ ላይ እየተሳበ ወደ ካሜራው ቀረበና ቀና አለ። ካሜራው ድምፅ አይቀዳም። አፉ ግን ሁለት ጊዜ ተከፈተ፤ «እታለም፣ እታለም።»

እህቱ ካሜራውን እንደምትጠብቅ ያውቃል። በዚያች ደቂቃ እሷ አርባ እርምጃ ርቃ ተቀምጣ፣ የኮንቴይነሮቹን ዝርዝር እያየች፣ ሁሉም ደኅና እየሠራ ነው ብላ ሻይ ትጠጣ ነበር።

«በቃ፣ ዝጊው» አላት መርማሪው ቀስ ብሎ።

«አልዘጋውም» አለች። እስከ መጨረሻው አየችው።