መንገድ ላለመጠየቅ የገዛሁት ጂፒኤስ

እኔ መንገድ ጠይቄ የምሄድ ሰው ነኝ። የማውቀውን መንገድ እንኳ እጠይቃለሁ። ከአምቦ ወጥቼ ወደ ደንዲም ልሂድ ወደ ወንጪ፣ መኪናዬን አቁሜ፣ መስታወቱን ዝቅ አድርጌ "አካም ኦልተኒ፣ ኦቦ" ብዬ ሰላምታ ከጀመርኩ የከብቱን ጤና፣ የዝናቡን ነገር፣ የልጆቹን ትምህርት ሳልሰማ ከዚያ አልነሳም። ባለቤቴ በዚህ ጠባዬ ስትስቅብኝ ነው የኖረችው። "አንተ የምትፈልገው መንገድ ሳይሆን ወሬ ነው" ትለኛለች። ሥራዬ መሬት አስተዳደር ነው፣ ካርታ ማንበብ አያቅተኝም። ካርታ ግን ሰላም አይልም።

እንዲህ ያለሁ ሰው አንድ ቀን በማለዳ መናኸሪያው አጠገብ ካለ የመኪና ዕቃ መሸጫ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ እስኪከፈት ስጠብቅ ተገኘሁ። ጂፒኤስ ልገዛ ነው። ሌሊቱን የባለቤቴ ታላቅ እህት ሞታለች፤ ባለቤቴ ግን አልሰማችም።

ባለቤቴ እናቷን አታስታውስም። ጸጉሯን እየሠራች፣ ደብተሯን እየገዛች ያሳደገቻት ይህች እህቷ ናት። እኔም ሽማግሌ በላክሁ ጊዜ የመጨረሻዋን ቃል የሰጠችው እሷ ነበረች። ባሏ ጡረታ ሲወጣ አምቦን ለቀው ከጊንጪ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ወዳለው የባሏ ትውልድ ቀበሌ ሄዱ። እኛ አዲሱን ቤታቸውን አይተነው አናውቅም። ለፋሲካ እንሄዳለን፣ ክረምቱ ይውጣና እንሄዳለን ስንል፣ አንዴ መንገድ ተዘጋ፣ አንዴ ነዳጅ ጠፋ ሲባል ጊዜው ነጎደ።

መርዶውን በስልክ የነገረኝ የባሏ ወንድም ነው። ተናግሮ ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ዝም ብለህ አምጣት፣ እዚህ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ያረዷታል። መንገድ ላይ እንዳትሰማ፣ አደራ" አለኝ። ለምን አደራ እንዳለኝ አውቃለሁ። ባለቤቴ ደም ግፊት አለባት። የአባቷን ሞት የሰማችው ከገበያ ስትመለስ፣ ከአንዲት የማታውቃት ሴት አፍ ነበር። እዚያው መንገዱ ላይ ወደቀች፤ ሆስፒታል ተኝታ ነው የተነሳችው። አቅጣጫውን ልጠይቀው ስል ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ብደውል ብደውል ኔትወርክ የለም።

ችግሬ ይኸው ነበር። በእኛ አገር ሰው የሞተበትን ቤት ጠይቀህ ማንም በእጁ ብቻ ጠቁሞህ አያልፍም። የቤቱን ባለቤት ስም ስትጠራ ገና ባርኔጣውን ያወልቃል፣ "እግዜር ያጥናችሁ" ይላል። መንገዱን የሚነግርህ ከዚያ በኋላ ነው። መገንጠያው ላይ ሰው ይጠብቀን እንዳልል፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ የቆመ ሰው ምኑን ይደብቃል? ለቢሮ ባልደረባዬ ደውዬ ጭንቀቴን ስነግረው "ጂፒኤስ ግዛና ማንንም ሳትጠይቅ ግባ" አለኝ። የቀበሌዋን ቤተ ክርስቲያን ኮኦርዲኔት፣ ቦታውን የሚያሳዩትን ቁጥሮች፣ ከቢሯችን ኮምፒውተር አውጥቶ ላከልኝ።

ባለ ሱቁ ወፍራም፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። "ኦቦ፣ ይሄ ኔትወርክ ጠፋ፣ ዳታ አለቀ አያውቅም። ከሰማይ ጋር ቀጥታ ነው የሚነጋገረው" አለኝ። እኔ በሽንኩርት ዋጋ ተከራክሬ የማልጠግብ ሰው የጠራውን ሳላስቀንስ ከፈልኩ። ሰውዬው ደንግጦ፣ አንዳች ነገር ያመለጠው ይመስል ዕቃውን መልሶ አገላብጦ አየው።

መግጠሙ ራሱን የቻለ ፈተና ሆነ። መስታወቱ ላይ የሚጣበቀው ጎማ አቧራ አልወድም ብሎ እየተላቀቀ እጄ ላይ ይወድቃል፤ በመጨረሻ ባለ ሱቁ ምራቁን እንትፍ ብሎ አጣበቀው። ቋንቋ ምረጡ አለን። አማርኛም የለው፣ ኦሮምኛም የለው፣ እንግሊዝኛ አልነው። የሴት ድምፅ ወይስ የወንድ ሲለን ባለ ሱቁ "የሴት ይሁንልህ፣ የወንድ ከሆነ ትከራከረዋለህ" ብሎ ሳቀ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ። ከዚያ ሳተላይት እየፈለግሁ ነው ብሎ ቀጥ አለ። የበረንዳው ቆርቆሮ ነው የከለለው ተባለና መኪናዋን ወደ ፀሐይ አወጣናት። ስክሪኑ ላይ አንዲት ክብ ነገር ትዞራለች፣ እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ደክሞኝ ነበር። ያደከመኝ እንቅልፍ ማጣቱ ብቻ አልነበረም። ገና አንድም ቃል ሳልዋሽ የምዋሸው ውሸት አድክሞኝ ነበር።

ቁጥሮቹን ስናስገባ መድረሻው ባዶ አረንጓዴ ሜዳ ላይ ወጣ። መንገዱን የሚያሳየው መስመርም ከጊንጪ ትንሽ ገባ ብሎ ይቋረጣል። "ግዴለም" አለኝ ባለ ሱቁ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ "የቀረውን ሰው ትጠይቃለህ።"

ቤት ገብቼ "ዛሬ ፊልድ አለኝ፣ በእህትሽ አገር በኩል ነው የማልፈው። ትሄጃለሽ?" አልኳት። ከመቀመጫዋ ዘላ ተነሳች። ስኳሩን፣ ዘይቱን በዘንቢል ሞላች። የምትለብሰውን ሁለት ጊዜ ቀየረች። ደስታዋን ቆሜ ማየት ከሁሉም በላይ ከፋኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ወጥቼ መኪናው ውስጥ ጠበቅኋት።

"ይሄ ደግሞ ምንድነው?" አለችኝ ጂፒኤሱን አይታ።

"የቢሮ ነው፣ ለሥራ።"

እስከ ጊንጪ ድረስ አፏን አልገጠመችም። እህቷን እንዴት እንደምትቆጣት ነው የምታወራው፤ እንዴት ሰው ይህን ያህል ጊዜ ሳይደውል ይቀራል እያለች። እኔ እሺ፣ እሺ እላለሁ። ማሽኗ ከመሃል እየገባች በእንግሊዝኛ ቀጥ ብለህ ሂድ ትለኛለች፤ ያ መንገድ ከቀጥታ ሌላ ምን አለው? ጊንጪ ስንደርስ ባለቤቴ "እንግዲህ ቆም በልና ጠይቅ" አለችኝ። "ማሽኑ ያውቀዋል" አልኳት። ዘወር ብላ አየችኝ።

ከአስፋልቱ ወጥተን ኮረኮንቹን ያዝን። በመንገዱ ዳር ሰዎች ሁለትም ሦስትም እየሆኑ እኛ ወደምንሄድበት ይሄዳሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ጫነኝ አለኝ፤ አቧራ አልብሼው አለፍኩ። በሕይወቴ እንዲህ አድርጌ አላውቅም። ባለቤቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ወደ ውጭ ትመለከታለች። ለምን ዝም አልሽ ብዬ መጠየቅ ፈራሁ።

ከዚያ መንገዱ አለቀ። ፊት ለፊታችን የታረሰ ማሳ፣ ከማሳው ወዲያ የባሕር ዛፍ ተክል። ማሽኗ ተመለስ፣ ተመለስ ትላለች። ወዴት እንደምመለስ ግን አትናገርም። ገመዷን ነቅዬ ጣልኳት። የማሳውን ዳር ይዘው አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን እየመረኮዙ ወደ እኛ መምጣት ጀመሩ። ሞተሩን ሳላጠፋ ሌላ የምሸሽበት መንገድ ስፈልግ ባለቤቴ እጇን ክንዴ ላይ አደረገች።

"አንተ ሰው አይተህ ሳታቆም አልፈህ አታውቅም" አለችኝ። "ዛሬ አገር ምድሩን ስታልፍ አየሁህ።"

የነቀልኩትን ገመድ ከወለሉ ላይ አነሳሁ።

"እሷ ናት ወይስ ባሏ?"

"እንድረስና..." ብዬ ጀመርኩ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ይጠብቋታል፣ አደራ ተብያለሁ። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኸው ነው።

"ሰውዬው እየመጡ ነው" አለችኝ። "ከሳቸው አፍ ከምሰማ ካንተ ልስማ።"

"እሷ ናት" አልኳት።

ትወድቃለች ብዬ በሁለት እጄ ያዝኳት። አልወደቀችም፣ አልጮኸችም። ግንባሯን ትከሻዬ ላይ ደፍታ ከሆዷ በሚወጣ ቀጭን ድምፅ አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ከሌሊት ጀምሮ አንቄ የያዝኩት እንባ ነበር፤ ሲወጣ ደስ ያለኝ ነገር ቢኖር ከዚህ በኋላ መዋሸት አለመኖሩ ነው። ሽማግሌው ነገሩ ገብቷቸው ነው መሰለኝ ከመኪናዋ ፈንጠር ብለው ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

ባለቤቴ ቀና አለች። በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች፤ ነጠላዋን አውልቃ አዘቀዘቀችና መልሳ ለበሰችው። መስታወቱን ዝቅ አድርጋ በኦሮምኛ፣ እንደ ደንቡ፣ ሳትቸኩል ሰላምታ ሰጠቻቸው።

"አባቴ፣ የለቅሶው ቤት በየት በኩል ነው?"

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። አልጠቆሙም። የኋላውን በር ከፍተው፣ ከዘራቸውን አስቀድመው ገቡና ከዘንቢሉ አጠገብ ተቀመጡ። "ወደ ኋላ መልሰውና ከድልድዩ በፊት ወደ ግራ ግባ፣ ልጄ። እኔም ወደዚያው ነኝ" አሉኝ። መኪናዋን አዙሬ ጥቂት እንደሄድን ጎንበስ ብለው ባለቤቴን "ምኗ ነሽ?" አሏት።

"ልጇ ነኝ" አለቻቸው።