ሦስት ጊዜ የሸኘሁት ሰው

ትናንት ከሰዓት በሐይቅ ዳሯ ከተማችን ምሥራቅ ሠፈር ካለው ቤታችን ደጃፍ አራት ሰዎች ነበርን። ልጄ አልማዝ የግቢውን በር ይዛለች፤ የልጅ ልጄ ሰላም መንገዱ ዳር ቆማለች፤ እስካለፈው ወር እጮኛዋ የነበረው ወጣት ባጃጅ ውስጥ ገብቷል፤ እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጫለሁ። መጻሕፍቷን ሊመልስ ነበር የመጣው። ሰላም እጇን አውለብልባለት ወደ ቤት ገባች።

«እስከ አስፋልቱ እንኳ አትሸኚውም ነበር?» አለቻት እናቷ።

«እማዬ፣ ተለያየን እኮ! ተለያይቶ ደግሞ ማን ይሸኛል?»

እኔ ግን ሸኝቼ አውቃለሁ፤ ያውም ሦስት ጊዜ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መስከረም ብቷል፤ መንገዱ ግን ገና የክረምቱን ጭቃ አልጨረሰም። ለመምህርነት ሥልጠና አልፌ በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ ልሳፈር ነው። ከከተማችን ወጥቼ አላውቅምና ደስታው ምግብ ከልክሎኛል። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኝ ነበር። ሁለት ዓመት የተዋደድነው ታደለ ለእሑድ ሽማግሌ ሊልክ ተዘጋጅቷል። ሽማግሌ ከመጣ በኋላ እምቢ ማለት የሁለት ቤት ኀፍረት ነው፤ እሺ ካልኩ ደግሞ አባቴ የታጨች ልጅ ለትምህርት አይሰድም። ስለዚህ ሽማግሌ እንዳይልክ በዚያው ቀን ልነግረው ይገባ ነበር።

ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን ነገርኩት። ስኳሩ ከሟሟ በኋላም ሻዩን ማማሰል አልተወም።

«ትመለሺ የለ?»

«እንድትጠብቀኝ አልፈልግም።»

«እሺ» አለ። ተነሣና «በይ ልሸኝሽ» አለኝ።

መንገዱ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ሠፈራችን ሲያደርሰኝ፣ የሸኘን ሰው መልሶ መሸኘት ደንብ ነውና፣ «እስከ ጥጉ ልሸኝህ» አልኩት። ስናወራ ፒያሳ ደረስን። እሱም ሴት ልጅ ብቻዋን አትመለስም ብሎ መለሰኝ፤ እኔም እንደገና መለስኩት። ጋሪዎች ጭቃ እየረጩ ያልፉናል፤ እኛ እንስቃለን። ሊነገር የሚፈራው ነገር ተነግሮ አልቋላ! እኔ ስለማላውቀው አገር እለፈልፋለሁ፤ እሱ ይጠይቀኛል። የተጠበሰ በቆሎ ገዝቶ ለሁለት ሰበረው።

ለሦስተኛ ጊዜ ስሸኘው በቆሎ ጠባሿ ጮኸችብን፦ «እናንተ ልጆች፣ መንገዱን ጨረሳችሁት እኮ! ምን ሆናችሁ?»

«እየተለያየን ነው፣ እትዬ» አላት ታደለ።

«መለያየታችሁ እንዲህ ከሆነ መጋባታችሁ ምን ሊሆን ነው!»

እሱ ከት ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ደነገጥኩ። አንድ ጊዜ ደግመን ብንመላለስ ሐሳቤን እንደምለውጥ ታወቀኝ። ፒያሳ ስንደርስ ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ አዘቅዝቃለች።

«በይ ልሸኝሽ።»

«አይሆንም። ብቻዬን ልሂድ።»

«ነውር ነው እኮ!»

«ነውሩ የእኔ ይሁን።»

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «ሽማግሌዎቹን ምን ልበላቸው?»

«መንገደኛ ናት በላቸው።»

በዕድሜዬ ብዙ ሰው ተሰናብቻለሁ፤ ባሌንም ቀብሬአለሁ። እምቢ ያልኩት ሽኝት ግን ያ አንዱ ብቻ ነው። አልተጸጸትኩም። አልረሳሁትምም።

ያን ዕለት ታደለን እጁን ጨብጬው ሄድኩ።