በሀዲያ ክንድ

የመካነ ሰላም ሰዎች ሴት ልጅ ሳይክል ስትነዳ አይተው አያውቁም ነበር፤ ሴት ልጅ ሳይክል መንዳት እንደማትችል ግን ሁሉም እርግጠኛ ነበሩ። እኔ የሀዲያ ጎረቤት ስለሆንኩ ያን ጊዜ የተባለውን አንድ ሳይቀር ሰምቻለሁ። ዛሬ ብትጠይቋቸው አንዳቸውም እንዲህ ብዬ ነበር አይሉም። እኔ ግን አልረሳሁም፤ መርሳትም አልፈልግም።

በዘጠናዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ሀዲያ ይርዳው ከከተማው ራቅ ያለ የገጠር ትምህርት ቤት ታስተምር ነበር። በእግሯ ሄዳ በእግሯ ስትመለስ ይመሻል። አባቷ አያ ይርዳው፣ «ወይ እዚያው ቤት ተከራይ፣ ወይ ሥራውን ተይው» እያሉ ይነዘንዟታል። እሷ ሁለቱንም አልፈለገችም። ይህን የሰማው ጅዳ ያለው ወንድሟ አህመዲን ሳይክል ልግዛልሽ አላት።

ከሱቁ ሆኖ ደወለ። «ከመሬት እስከ ኮርቻው ምን ያህል ይሁን? ሻጩ ልኳን ንገረኝ እያለኝ ነው።»

ሀዲያ ግድግዳውን ተደግፋ እስከ ዳሌዋ በክንዷ ለካችና «ሁለት ክንድ» አለችው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። እኛ ገበያ ጨርቅ ስንገዛ ክንደ ረጅም ዘመድ ይዘን የምንሄድ ሰዎች ነን፤ በሱ ክንድ ሲለካ አንድ ቀሚስ የሚወጣው ጨርቅ ትራፊ ይኖረዋላ። በእነ ሀዲያ ቤት ለዚህ ሥራ የሚወሰደው ማን ነበር? አህመዲን። ክንዱ ማለቂያ የለውም። ያንን ክንድ ጅዳ ሱቅ ውስጥ ሁለት ጊዜ ዘርግቶ ለካና ገዛ።

ሳይክሉ በካርጎ ደሴ ደርሶ፣ ከዚያ አይሱዙ ላይ ታስሮ መጣ። ሀዲያ ስትወጣበት እግሯ አየር ላይ ቀረ። ሳይክል ጠጋኙ ፈንታው ኮርቻውን የመጨረሻ ዝቅ አደረገው፤ አሁንም አልደረሰችም። የቄስ ልጅ ነው፤ ሲምል ግን እንደኛው ነው። «ወላሂ፣ ይሄ ላንቺ አይሆንም» አላት።

ያጎቷ ልጅ ጀብሪል ግን ተቀመጠበትና ልክ ሆነ። ቁመተ ሎጋ ነው፤ ሥራ ግን የለውም፣ የሚሄድበትም ቦታ የለውም። አያ ይርዳው አዩትና ፈረዱ። «ላንቺ ቢሆን ኖሮ በልክሽ ይመጣ ነበር። የሚመጣው ገበያ ቀን መጥቶ ይውሰደው።»

«አባ፣ የተገዛው ለኔ ነው» አለች ሀዲያ። «ከረዘመ አሳጥረዋለሁ።»

«ብረት ልታሳጥሪ?»

«እስከ ገበያው ቀን አንቱ ጋ ይቆይልኝ። እስከዚያ ካልነዳሁት ይውሰደው።»

ፈንታውን ኮርቻውን ከነዘንጉ ንቀልልኝ ስትለው «ሰው ምን ይለኛል?» አለ። መፍቻውን ተቀብላ ራሷ ነቀለችው። በኮርቻው ፋንታ የበግ አጎዛ አጥፋ አግዳሚው ብረት ላይ አስቀመጠችና በአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ጠፍራ አሰረችው። ፔዳሎቹ ላይ የባሕር ዛፍ ቁራጭ አሰረች፤ አሁን እግሯ ደረሰ። መሪውን ወደ ራሷ አዞረችው። ሲያዩት ሳይክል አይመስልም ነበር፤ እኔም ሳቄን አፍኛለሁ። ከጓሮ እያወጣች ስትለማመድ ጉልበቷ ተላጠ፣ ክርኗ ተላጠ፤ እናቷ አለቀሱ፤ እሷ አላቆመችም።

የገበያው ቀን ጀብሪል በጠዋት ደጃፉ ላይ ተገተረ። ሀዲያ ከቀሚሷ በታች ሱሪ ለብሳ፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ሳይክሉን እየገፋች ወጣች። አጥሩን ተደግፋ ወጣችበትና ሄደች። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርስ አህያ ገባባትና ወደቀች። እህል ይዘው የተሰለፉት ወንዶች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ተነስታ አቧራዋን እያራገፈች «ስቃችሁ ስትጨርሱ ንገሩኝ፤ እኔ ግን ክፍል አለኝ» አለችና ከወፍጮ ቤቱ ደረጃ ላይ ተነስታ ሄደች። መቼም እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ያን ቀን ገበያው ሳይበተን ተመለሰች። ጀብሪል አሁንም አለ፤ ዐይኑ ሳይክሉ ላይ ነው። «አንዴ ልሞክረው» ብሎ ተቀመጠ። ጉልበቱ ከመሪው ጋር ተጋጨ። እንደገና ሞከረ፤ ጉልበቱ አገጩን ሊመታው ምንም አልቀረው።

«አበላሽታዋለች እኮ!» አላቸው ለአያ ይርዳው።

«አልተበላሸም» አለች ሀዲያ። «የኔ ሆኗል።»

ጀብሪል ወርዶ ባዶ እጁን ሄደ።

አንድ ነገር ግን ቀርቷት ነበር። ሳይክሉ ቁመቱ ያው ስለሆነ ያለ ድንጋይ መውጣትም መውረድም አትችልም። መንገዱ ላይ ለመውጫና ለመውረጃ የምትለያቸው ድንጋዮች ነበሯት። በራሷ ደጅ ግን ድንጋይ አልነበረም፤ አጥሩን እየተደገፈች አጥሩ ዘመመ።

አንድ ጠዋት ስትወጣ ከደጁ አጠገብ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተተክሎ አየች። አያ ይርዳው የእጃቸውን አፈር እያራገፉ ወዲያ ወደ መንገዱ ይመለከታሉ።

ወጣችበትና ሳይክሉን አስጠግታ ሞከረችው። እኔ በኔ አጥር በኩል እያየሁ አመስግኝና ሂጂ እላለሁ በሆዴ።

«አባ፣ ትንሽ ዝቅ ይላል» አለች።

«ምን ያህል?»

«ስንዝር ያህል።»

አያ ይርዳው ሌላ ድንጋይ ፈልገው አመጡ። ስንዝራቸውን ዘርግተው ሊለኩ ጎንበስ አሉና እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ቀና ብለው አዩዋት።

«ነይ» አሏት፤ «ባንቺ እጅ ለኪው።»