የወይራው ቋጠሮ

ትናንት መርሳ ገበያ አንድ ሱቅ ገባሁና የአዲስ ናይለን ገመድ ሽታ ተቀበለኝ። ከዓመታት በፊት የሆነ ነገር አስታወሰኝ። ስማኝማ፣ እኔ ከድሮም ሰው አላምንም። ስኳር ሲመዘንልኝ እንኳ ዓይኔ ከሻጩ ጣት ላይ አይነሳም።

ያኔ የመኪና ረዳት ነበርኩ፤ ጓደኛዬም እንደዚሁ። አንድ አሠልጣኝ ከአዲስ አበባ መጥቶ ከግራና ከተማ በላይ ባለው ገደል በገመድ ድንጋይ መውጣት ያስተምረን ጀመር። ሲጨርስ ከሁለታችን አንዱን ለሥራ ይዞ ሊሄድ ነው። አንዱን ብቻ! ይህን ከሰማሁ ወዲህ የጓደኛዬ ሳቅ ራሱ ሌላ ሌላ ይመስለኝ ጀመር።

የፈተናው ቀን ጠዋት፣ ፀሐይዋ ድንጋዩን ገና እያሞቀችው፣ ጓደኛዬ የምወጣበትን ገመድ ገደሉ አናት ላይ በሁለት ቦታ አሰረው፤ አንዱን ከወይራ ግንድ፣ መጠባበቂያውን ከኋላ ካለ ቋጥኝ። አንዱ ያሰረውን ሌላው መፈተሽ አለበት።

"በል ፈትሸው" ብሎኝ ወረደ።

የወይራውን አየሁት። ምንም እንከን የለውም። እንከን ማጣቱ ራሱ አጠራጠረኝ። ፈታሁትና መኪና አናት ላይ በለመድኩት የጭነት ቋጠሮ መልሼ አሰርኩት፤ ተሳፋሪ ሻንጣውን ሲጠይቅ ጫፉን ሳብ አድርገን በምንፈታው። የቋጥኙንም ልቀይር ስል አሠልጣኙ ከታች ተጣራ፤ ትቼው ወረድኩና መውጣት ጀመርኩ።

ጭነት አርፎ ይቀመጣል፣ ሰው ግን ይወዛወዛል። ይህን ማን አስቦት! ግማሽ ላይ ስደርስ እግሬ አዳለጠኝ፤ የወይራው እስር ተፈታና ቁልቁል ሄድኩ። የማርያም ያለህ! የያዘኝ የቋጥኙ ነው፣ ጓደኛዬ ያሰረው።

አወረዱኝ። ጓደኛዬ ሮጦ ወጣ፤ ግንዱ ላይ የቀረውን ጥምዝ ሲያይ ወዲያው ገባው። ያንን አስተሳሰር መርሳ መናኸሪያ የማያውቀው የለም። ተመልሶ ወርዶ አጠገቤ ቆመ።

"ማነው የወይራውን ያሰረው?" አለ አሠልጣኙ።

"እኔ ነኝ ጋሼ። ቸኩዬ ነው" አለ ጓደኛዬ።

እኔ ትንፍሽ አላልኩም። ተመረጥኩ።

ስንመለስ መንገድ ላይ "ለምን እንዲህ አልክ?" ብዬ ጠየቅሁት።

"እናትህ ካንተ ሌላ ማን አላቸው?" አለኝ።

አላመንኩትም። ኋላ ውለታውን ሊያስቆጥረኝ ነው ብዬ ይቅርታም ምስጋናም ሳልለው ሄድኩ። እሱም ብዙ ሳይቆይ አገሩን ለቀቀ።

አምና ወልድያ ላይ እህቱን አገኘኋት።

"በደወለ ቁጥር 'ወንድሜ እንዴት ነው?' ይለኛል፣ አንተን እኮ ነው" አለችኝ።

ታምነኛለህ? መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ "አሁን ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?" የሚል ነበር። ከዚያ እዚያው መንገድ ዳር፣ እሷ ፊት፣ እንባዬ መጣ።