አማቴ ሲቆረጥሙ እንዳልሰማ

ይሉኝታ የሚገድለው ሰው አለ ከተባለ እኔ ነኝ። ከሚሴ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች ቤት፣ ሱሪ እያሳጠርኩና ጀለቢያ እየሰፋሁ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ደንበኛ "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ወፍሬ ነው" ብሎ የጠበበውን ልብሱን ሲያመጣልኝ፣ እሱ ይስቃል፣ እኔ በእሱ ፋንታ አፍራለሁ። ባለቤቴ "አንተ እኮ ሰው ፊት ማስነጠስም ታፍራለህ" ትለኛለች። እውነቷን ነው። አላህ እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ነው ከአማቱ ጋር በአንዲት መጋረጃ ለይቶ ያስቀመጠው።

በእኛ አገር አማትና አማች ይተፋፈራሉ። አማት በልጇ ባል ፊት አትበላም፤ እሱም በእሷ ፊት አይጎርስም። ስም አይጠራሩም። መንገድ ላይ ቢገናኙ እሷ ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ዞር ትላለች፣ እሱ አቀርቅሮ ያልፋል። ከተማው ውስጥ ነገሩ እየቀረ ነው፤ የዛሬ ልጆች ከአማታቸው ጋር ትከሻ ለትከሻ ፎቶ ይነሳሉ። የእኔ አማት ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨፋ የኖሩ የገበሬ ሚስት ናቸው። ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ ፊታቸውን በወጉ አይቼው አላውቅም። የሚነግሩኝ ነገር ሲኖር ሰው ካለ በሰው ያስነግራሉ፤ ሰው ከሌለ ለግድግዳው ይናገራሉ። "በር ላይ ሰው ቆሟል" ይሉታል ግድግዳውን፤ እኔ ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ደንበኛዬን እቀበላለሁ። ሲያነሱኝም "እሳቸው" እያሉ ነው፤ ልጃቸው የምሆነውን እኔን።

ከእኛ ጋር መኖር የጀመሩት ስኳር በሽታ ስለያዛቸው ነው። መንደር ውስጥ መርፌ የሚወጋቸው አልነበረም። ባለቤቴ አስተማሪ ናት፤ ጠዋት መርፌያቸውን ወግታ፣ ቁርሳቸውን አብልታ ትወጣለች፣ የምትመለሰው ከሰዓት በኋላ ነው። መሃል ላይ ያለው ሰዓት የእኔ ነው። የፊተኛው ክፍል መስፊያዬ ነው፣ ከኋላው አማቴ ይተኛሉ፣ መሃላችን መጋረጃው። ሥራዬ ምግባቸውን በትሪ አድርጌ ከመጋረጃው ስር ገፋ ማድረግና ወደ ስፌት መኪናዬ መመለስ ነበር። ትሪው ላይ የተቀቀለ ጎመንና ካሮት ይኖራል፤ ሐኪሙ አትክልት አብዙ ስላለ። ትሪው እንደሄደ ይመለሳል። ለልጃቸው "ይሄን ላሟ ትብላው" ብለዋታል። እኔም ጥፋቱ የምግቡ ነው ብዬ አመንኩ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከመጋረጃው ወዲያ የማቃሰት ድምፅ ሰማሁ። "ደህና ነው?" አልኩ፣ ለመጋረጃው። መልስ የለም። ደግሜ ጠየቅሁ። ዝም። ዛሬም ሳስበው ፊቴን የሚያግለው ይሄ ነው፤ እጄ መጋረጃውን ያዘ እንጂ አልገለጠውም። ምናልባት ሻሻቸው ወልቆ ይሆናል፣ ምናልባት በወጉ አልለበሱ ይሆናል እያልኩ፣ ሰው ይሙት ይዳን በማይታወቅበት ሰዓት ስለ ሻሽ አሰብኩ። ከዚያ በባዶ እግሬ ወደ ጎረቤታችን ሮጥኩ።

ጎረቤታችን በዕድሜ የአማቴ እኩያ ናቸው፤ በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ የሚጨርሱ፣ አፋቸው የማይያዝ ሴት። መጋረጃውን ሊገነጥሉት ምንም አልቀራቸው። "ያ ረቢ! ማል ታቴ? ምን ሆንሽ?" ሲሉ ሰማሁ። ወዲያው ወደ እኔ ጮኹ፦ "ላብ አጥምቋታል! ስኳር በውሃ በጥብጠህ አምጣ፣ ምን ይገትርሃል?" በጥብጬ አመጣሁ። ያቀበልኩትም ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ ነው፤ ያን ጊዜም አልተውኩም። አማቴ ነፍሳቸው መለስ ሲል ጎረቤታችን ወደ እኔ ወጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አማችነቱ ለደህና ቀን ይሁን እንጂ፣ አንተ ልጅ። ብትሞት ኖሮ ሚስትህን 'አፍሬ ነው' ልትላት ነበር?" አሉኝ።

ሐኪሙ ነገሩን በአጭሩ ነገረን። መርፌው ስኳሩን ያወርዳል፤ ሆድ ባዶ ከሆነ ከልክ በላይ ያወርደዋል። በምግብና በምግብ መሃል የሚቀመስ ትንሽ ነገር ያስፈልጋቸዋል፣ አለዚያ አንድ ቀን እንደወደቁ ይቀራሉ። አማቴ ደግሞ በዚያው ሰሞን ለልጃቸው "ወደ ቤቴ መልሱኝ፣ እዚህ ሰው አስቸገርኩ" ማለት ጀመሩ። ከተመለሱ የሚወጋቸው የለም። ካልተመለሱም እኔ ቤት ቀን የምሰጣቸውን አትክልት አይቀምሱም። ባለቤቴ ስታለቅስ አየኋት። እኔን የወቀሰችበት ቃል ግን ከአፏ አልወጣም፤ ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

"ምን ይወዳሉ?" አልኳት።

"ቆሎ ትወድ ነበር። የሚቆረጠም ነገር። ጥርሷ ዛሬም ከእኔ ይሻላል።"

ስልኬ ላይ አንዲት ሴት ከጎመንና ከካሮት ቺፕስ ስትሠራ ያየሁት ትዝ አለኝ፤ ዘይት ውስጥ ሳትነክር፣ አድርቃ። እሷ ያላት ምድጃ እኔ ዘንድ የለም። ፀሐይ እንደሆነ ግን ከሚሴ ሞልቷል። ካሮቱን በተሳለ ቢላ በስሱ ላጥኩት፤ በስሱ መቁረጥ እንኳ የሙያዬ ነገር ነው። ጎመኑን ዘንጉን አወጣሁና ለእሱ ብቻ በለየሁት መቀስ ቆራረጥኩት። ቀይ ስርም ለቀለም ያህል ጨመርኩ። ውሃቸውን እንዲያወጡ ጨው ነካ አድርጌ ተውኳቸው፣ በንጹህ አቡጀዲ ጠቅልዬ ጨመቅኳቸው፣ ወንፊት ላይ ዘርግቼ ፀሐይ ላይ አዋልኳቸው። ጠርዛቸው ሲጠቀለል በጣቴ ዘይት አስነካኋቸውና ድንብላል፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ጥቂት ሚጥሚጣ ነሰነስኩባቸው። መጨረሻ ላይ ብረት ድስት ውስጥ፣ ከታች ረመጥ፣ ክዳኑ ላይ ፍም። የመጀመሪያው አረረ። ሁለተኛውም አረረ፤ ቀይ ስር ስኳርነት ስላለው ከሁሉ ቀድሞ ይከስላል። ሦስተኛው ሲነኩት ኮሽ አለ።

ይህን ሁሉ የማደርገው በር ላይ፣ ሰው በሚያልፍ በሚያገድምበት ነው። ወንድ ልጅ ከሰል እያራገበ ጎመን ሲያገላብጥ። የባጃጅ ሾፌሮቹ ቀስ ብለው ያልፉና "ቺፕስ ቤት ከፈትክ እንዴ?" ይሉኛል። አንድ ሙሽራ ለኒካሁ ያሰፋውን ነጭ ጀለቢያ ሊወስድ መጣ፤ አንገቱ ላይ የጣቴ አሻራ በቀይ ስር ታትሞበታል። "ሰው አርደህ ነው?" አለኝ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። አንገትጌውን ፈትቼ በአዲስ ጨርቅ ቀየርኩለት፣ እሱም እስክጨርስ ካሮቴን እየቆረጠመ ጠበቀኝ።

የመጀመሪያውን ሳህን አማቴ የቀመሱት እኔ ለመግሪብ ሶላት መስጊድ በሄድኩበት ነው። ስመለስ ባለቤቴ ፊቷ በርቶ "እማ ጨረሰችው!" አለችኝ። ያን ዕለት እንደ ልጅ ነው የተደሰትኩት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሳህኑን በመጋረጃው ስር ገፋ አደረግኩ። በሰላም ይብሉ ብዬም ስፌቴን አቆምኩ። የእኔ መኪና አሮጌ ነው፣ ሲረገጥ ቤቱን ሁሉ ያንቀጠቅጣል፤ በዚያ ጩኸት መሃል ሰው ምን ይበላል? እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ በጸጥታ ተቀመጥኩ። ሳህኑ ሳይነካ ተመለሰ። ለስልሶ ይሆናል ብዬ የሚቀጥለውን አብዝቼ አደረቅኩት። ያም ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ሲቆረጠም መንገድ ማዶ የሚሰማ አደረግኩት። ይባስ ብሎ፣ የውሃ መጠጫቸውን ሳጥብ ካሮቱንና ጎመኑን ከሥሩ ርሶ፣ ሟሙቶ አገኘሁት። እንዲደርቅ ቀኑን ሙሉ የለፋሁበትን ውሃ ውስጥ ነክረውታል!

ተናደድኩ። እኔ አፍራለሁ እንጂ አልናደድም ያለው ማነው? "እናትሽ ይንቁኛል" አልኳት ባለቤቴን። "አንቺ ስትሰጫት ጣቷን ትልሳለች፣ እኔ ስሰጥ ውሃ ውስጥ ትደፋዋለች።" አማቴን "እሷ" ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ባለቤቴ አየችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ከመጋረጃው ወዲያ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። ሰምተውኛል።

የአረፋ ኢድ እየደረሰ ስለነበር ሥራ ተቆለለብኝ። ለምግባቸው ብዬ መኪናውን የማቆምበት ጊዜ አልነበረኝም፤ ደግሞም አኩርፌያለሁ። ሳህኑን ገፋ አድርጌ መርገጤን ቀጠልኩ። ሳህኑ ባዶውን ተመለሰ። በማግስቱም ባዶውን። ረሃቡ ጠናባቸው አልኩ እንጂ ሌላ አልመጣልኝም። እስከዚያች ቀን ድረስ፤ ክር አልቆብኝ ድንገት እግሬን ከመርገጫው ያነሳሁ ጊዜ። ቤቱ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንዲት የካሮት ቁራጭ ጥርስ መሃል ስትሰበር ሰማሁ፤ ግማሽ ድምፅ ብቻ። ከዚያ ምንም። አፋቸው ውስጥ እንዳለ ያዙት። ማኘክም፣ መትፋትም፣ መዋጥም የለም። ከመጋረጃው ወዲያ አንዲት ትልቅ ሴት፣ አማቻቸው ሲቆረጥሙ እንዳይሰማቸው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ተቀምጠዋል።

ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ፣ ደሜ በሙሉ ወደ ፊቴ ወጣ። ውሃ ውስጥ የነከሩት ድምፁ እንዲሞት ነው። በእኔ ፊት መብላት ነውር ነው፤ እኔ ደግሞ የምጮህ ምግብ ሠርቼ፣ መኪናዬን አቁሜ፣ ጆሮዬን አቅንቼ ቁጭ እላለሁ። በአክብሮት ጸጥ ብዬ ነበር ያስራብኳቸው። ያም አልበቃ ብሎኝ በጀርባቸው "እሷ" አልኳቸው።

ክሩን ሳልቀይር መርገጥ ጀመርኩ። ጥቂት ቆይቶ ቁርጠማው ከመኪናው ጩኸት ስር ቀጠለ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ጨርቅ ኖረም አልኖረም ሳህኑ ከገባ እረግጣለሁ። ኢድ አልፎ ሥራ ሲቀዘቅዝ ባዶውን እረግጣለሁ። አንድ ደንበኛ ገብቶ መርፌው አየር ሲወጋ አየና "ምን እየሰፋህ ነው?" አለኝ። "መኪናውን እየፈተሽኩት ነው" አልኩት። ሌላ ጊዜም መጥቶ እንደዚያው ሆኜ አገኘኝ፤ አዝኖልኝ እንደሆነ እንጃ፣ ጨርቁን አስቀምጦ ወጣ። ለባለቤቴም አልነገርኳትም። ምን ብዬ እነግራታለሁ? አማቴ ግን እየበሉ ነው፤ ያ መውደቅ አልተመለሰም፣ ወደ ቤቴ መልሱኝ ማለቱም ቀርቷል።

በቅርቡ፣ ሙቀቱ በጠናበት ረፋድ፣ እንደ ልማዴ ባዶ መኪና እረግጣለሁ። ጉልበቴን አሞኛል። ከመጋረጃው ወዲያ ድምፅ መጣ፤ ለግድግዳው ነው የሚናገሩት፣ ግን ከወትሮው ከፍ አድርገው።

"ጨርቅ የያዘ መኪና እንዲህ አይጮህም" አሉ።

መርገጡን ላቁም ወይስ ልቀጥል ብዬ ማሰብ እንኳ አቃተኝ።

"ከኢድ ጀምሮ ባዶውን ነው የሚሄደው። እኔም እያወቅሁ እበላለሁ፤ አፍሬ ዝም አልኩ።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እግራቸውን ያሳርፉ። ደክመዋል።"

እግሬን አነሳሁ። መኪናው ትንሽ ተንገራግጮ ቆመ። ተነስቼ ልውጣ አልኩ፣ ከወጣሁ ደግሞ ሸሸ ይሉኛል ብዬ ቀረሁ። ወዲያ ሳህኑ መሬቱን ሲነካ፣ እጃቸው ሲፈልግ ይሰማኛል። ከዚያ "ቢስሚላህ" አሉ፣ እኔ እንድሰማው አድርገው። ቆረጠሙ፤ ሳይቸኩሉ፣ ሙሉውን ድምፅ። ሌላ አነሱ። እኔም አንገቴን ደፍቼ፣ እስከ ጆሮዬ ግዬ፣ ሳህኑን እስኪጨርሱ ድረስ ከወንበሬ ሳልነቃነቅ ሰማኋቸው።