ስግብግብ ይነሣ

ልብስ ሰፊው በሱቁ ውስጥ ሁለት የስፌት መኪናና አንድ የቼዝ ገበታ አለው። አንዱ መኪና የእሱ ነው፣ ሌላው የሴት ልጁ። ገበታው የሁሉም ነው፤ ሕጉ ግን የእሱ ብቻ። ንጉሡን ሜዳ ላይ ትቶ በንግሥት የጥግ ወታደር ለመልቀም የሮጠ ተጫዋች፣ ያሸንፍ ይሸነፍ ሳይታይ፣ «ስግብግብ ይነሣ!» ተብሎ ወንበሩን ይለቃል። «ቼዝ የጨዋ ሰው ጨዋታ ነው፣ ሆዳም አይወድም» ይላል ሰውዬው አፉን ሞልቶ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ልጁ ገና ተማሪ ሳለች፣ ሰፈሩን ወክሎ ለትልቁ ውድድር የሚሄደውን ሰው ለመለየት እዚያው ገበታ ላይ ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ገጠመች። ጨዋታው ሲጋጋል ንግሥቷን ሰድዳ የጥጉን ወታደር በላች። ሰው ሁሉ አባትየውን አየ። ለልጁ አደላ እንዳይባል ይሆን፣ ከማንም በላይ ጮሆ አስነሣት። ፀጉር አስተካካዩ ሄደ፤ በመጀመሪያው ቀን ተሸንፎ ተመለሰ። እሷ ከዚያ ወዲህ ገበታውን ዞር ብላ አይታው አታውቅም። አባቷ «ኩርፊያ ነው፣ ይለቃታል» እንዳለ ዓመታት ነጎዱ።

ሰሞኑን አንድ ደንበኛ ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም በስልኩ ይዞ መጣ። ፕሮግራሙ ይሉኝታ የለውም፤ ንጉሡን ራቁቱን አስቀምጦ የጥግ ወታደር ይለቅማል። ተጫዋቾቹ «ስግብግብ ይነሣ!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ ሁሉንም አሸነፋቸው፣ ሰፊውንም ጭምር።

ሰፊው በልጁ ላይ ያቋረጠባትን ጨዋታ አልረሳውም ነበር። ወታደሩ ከመበላቱ በፊት እንደነበረው አድርጎ ደረደረና «እስቲ ይሄን ጠይቅልኝ» አለው ደንበኛውን።

ስልኩ ወታደሩን በላ።

«ንግሥቲቱ ትታፈናላ!» አለ ሰፊው።

«አትታፈንም» አለች ልጁ፣ ዐይኗን ከመርፌው ሳታነሣ። «ፈረሱ ተበልቶ መንገድ ይከፍትላታል። ከዚያ የተጋጣሚው ንጉሥ ማምለጫ የለውም።»

ስልኩ ልክ እንዳለችው አደረገ። ፀጉር አስተካካዩ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር፤ ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ።

ሰፊው ወንበሩን በእጅጌው ጠረገው። «ልጄ፣ ነይ እስቲ ቁጭ በይ» አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

«ተነሺ ስትለኝ ተነሣሁ አባዬ» አለች። «አሁን ይሄ ሱሪ ለዛሬ ይፈለጋል።»

መኪናዋን መርገጥ ጀመረች።